ማሰራጫው ሲዛወር አድማጩ እንዳይቀር
የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያዎች የፍሪኩዌንሲ ለውጥና የማሰራጫ ግንባታ ሲፈተሽ

አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በአድማጩ ዘንድ የሚታወቀው በስሙ፣ በጋዜጠኞቹ ድምፅና በሬዲዮ መቀበያው ገጽ ላይ መርፌዋ በምታርፍበት ቁጥር ነው። ስሙ ቢለወጥ በዚያው ቁጥር ላይ ይነገራል፤ ጋዜጠኛው ቢቀየርም ተተኪው በዚያው ቁጥር ላይ ይተዋወቃል። ቁጥሩ ራሱ ሲለወጥ ግን ማስታወቂያውን በጊዜው ያልሰማው አድማጭ መርፌዋን በለመደው ቦታ አድርጎ ይጠብቃል። የሚያገኘውም ጩኸት ብቻ ይሆናል።

በመካከለኛ ሞገድ፣ በተለምዶ ኤ ኤም እየተባለ በሚጠራው የሥርጭት ዘዴ የሚሠሩ ጣቢያዎች በበርካታ አገሮች በሦስት ምርጫዎች መካከል ይገኛሉ። የመጀመሪያው ፍሪኩዌንሲ መቀየር፣ ሁለተኛው አዲስ የማሰራጫ ጣቢያ መገንባት ወይም ከሌላ ጣቢያ ጋር መጋራት ሲሆን፣ ሦስተኛው ሞገዱን ጨርሶ ለቆ ወደ ኤፍ ኤም ወይም ወደ ኢንተርኔት መሸጋገር ነው። ውሳኔው ብዙውን ጊዜ የምህንድስና ጉዳይ ተደርጎ ለባለሙያዎች ቢተውም፣ ውጤቱ ከመሬት አስተዳደር፣ ከኃይል አቅርቦት፣ ከጎረቤት አገሮች ጋር ካለ ስምምነትና ከሁሉም በላይ ከዜጎች መረጃ የማግኘት መብት ጋር የተቆራኘ ነው።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የካናዳዋን የቶሮንቶ ከተማ ተሞክሮ በመዳሰስ፣ የፍሪኩዌንሲና የማሰራጫ ለውጥ ሲወሰን በቅድሚያ ሊመለሱ የሚገባቸውን ጥያቄዎች ለማመላከት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩና ምድሩ

የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ከኤፍ ኤም ማሰራጫ በመሠረቱ ይለያል። ኤፍ ኤም አነስተኛ አንቴና በተራራ ወይም በፎቅ አናት ላይ ተሰቅሎ የሚሠራበት ነው። በመካከለኛ ሞገድ ግን አንቴናው ማማው ራሱ ነው። በተለመደው አሠራር የብረት ማማው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ የሸክላ ማረፊያ ላይ ይቆማል፤ ከላይ እስከ ታችም በሙሉ ሞገድ ይረጫል።

የማማው ቁመት ከፍሪኩዌንሲው ጋር የተሳሰረ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ የሚያህል ቁመት ሲሆን፣ ይህም በ740 ኪሎ ኸርዝ ላይ 101 ሜትር ገደማ፣ በ1250 ኪሎ ኸርዝ ላይ ደግሞ 60 ሜትር ይሆናል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ለአንድ ቁጥር የተሠራ ማማ ለሌላው ቁጥር ልክ ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ ብዙ ከተራራቀ ማማውን ማስረዘም፣ ማሳጠር ወይም ማስተካከያ መሣሪያዎቹን እንደገና መሥራት ግድ ይላል።

ከማማው ይልቅ ዓይን የማያየው ክፍል ደግሞ ከመሬት በታች ያለው ነው። አር ሲ ኤ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1937 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ በማማው ዙሪያ እንደ ጋሪ ጎማ ክር የተዘረጉ 120 ያህል የመዳብ ሽቦዎችን መቅበር የመስኩ የተለመደ መለኪያ ሆኗል። እያንዳንዱ ሽቦ የሞገዱን ሩብ ያህል ርዝመት ቢኖረው፣ በ740 ኪሎ ኸርዝ ለሚሠራ አንድ ማማ ብቻ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የመዳብ ሽቦና ከ3 ሄክታር ያላነሰ ክፍት መሬት ያስፈልጋል። ሞገዱን ወደ ተወሰነ አቅጣጫ ለመምራት ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ማማዎች ሲተከሉ የመሬቱ ስፋት በዚያው ልክ ይጨምራል።

የመሬቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። እርጥብና ጨዋማ መሬት ሞገዱን አርቆ ይወስዳል፤ ደረቅና ድንጋያማ መሬት ግን ኃይሉን ይውጣል። ቀደምት የማሰራጫ ጣቢያዎች በርካቶቹ ከከተማ ወጣ ብለው በረግረግ ወይም በእርሻ መሬት ላይ የተተከሉት በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ መሬቶች በጊዜው ርካሽ የነበሩ ሲሆን፣ ከተሞች እየሰፉ ሲመጡ ግን ዋጋቸው ከጣቢያው ዋጋ በልጦ ተገኝቷል።

ሌሊት ድንበር የለውም

በመካከለኛ ሞገድ አንድ አገር ብቻውን ወስኖ ቁጥር መቀየር የማይችልበት ምክንያት ሌሊት ነው። በቀን ከምድር በላይ ያለው ዝቅተኛው የአዮኖስፌር ንጣፍ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሞገድ ይውጠዋል። በመሆኑም ጣቢያው የሚሰማው ሞገዱ ምድርን ተከትሎ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንጣፍ ይጠፋል፤ ሞገዱም ከበላይ ካሉት ንጣፎች ላይ ነጥሮ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በሚበልጡ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ይወርዳል።

ይህ ክስተት ለአድማጭ በረከት ቢመስልም በአንድ ቁጥር ላይ ለሚሠሩ ሁለት ጣቢያዎች ጠብ ነው። ሰሜን አሜሪካ በ1930ዎቹ የገጠማት ችግር ይኸው ነበር። የአሜሪካ፣ የሜክሲኮ፣ የኩባና የካናዳ ጣቢያዎች በሌሊት እርስ በርስ ይደራረቡ ስለነበር አገሮቹ በታኅሣሥ 1937 ሃቫና ላይ ተቀምጠው የቁጥር ክፍፍል ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው መጋቢት 29 ቀን 1941 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በዚያች ሌሊት በአሜሪካ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ቁጥራቸውን በአንድ ጊዜ ቀየሩ። በፒትስበርግ የሚገኘውና ከአንጋፋዎቹ ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ኬዲኬኤ ከ980 ወደ 1020 ኪሎ ኸርዝ የተዛወረው በዚሁ ዕለት ነው።

የዚያን ሌሊት ዝግጅት ለዛሬ ባለሙያም ትምህርት አለው። እያንዳንዱ ማሰራጫ ቁጥሩን የሚጠብቅበት የኳርትዝ ክሪስታል አስቀድሞ መሠራት ነበረበት። አንቴናዎች እንደገና ተስተካክለዋል። በወቅቱ በቤቶች ውስጥ የነበሩት በቁልፍ የሚሠሩ መቀበያዎችም ለቀድሞው ቁጥር የተሞሉ ስለነበሩ እንደገና መሞላት አስፈልጓቸዋል። ለውጡ የተሳካው ዕለቱ አንድ በመሆኑ፣ ለአድማጩ አስቀድሞ በመነገሩና ጎረቤት አገሮች በአንድ ሰነድ በመስማማታቸው ነበር።

አንድ ማሰራጫ፣ የተለያዩ ቁጥሮች፣ የተለያዩ ባለቤቶች

የቶሮንቶ ከተማ ተሞክሮ ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የካናዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በ1937 የገና ዕለት ሲቢኤል የተሰኘውን የ50 ኪሎ ዋት ጣቢያውን ሥራ አስጀመረ። ማሰራጫው ከከተማዋ በስተምዕራብ በምትገኘው ሆርንቢ በተባለች የገጠር ቀበሌ የተተከለ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ቁጥሩም 840 ኪሎ ኸርዝ ነበር። በ1941ዱ የጋራ ለውጥ ጣቢያው ወደ 740 ተዛወረ። ይህ ቁጥር ለሚቀጥሉት 58 ዓመታት የጣቢያው መለያ ሆኖ ቆይቷል።

በዚያችው ከተማ የሚገኘው ሲኤፍአርቢ የተባለው የግል ጣቢያ ታሪክ ደግሞ የተለየ ነው። ይህ ጣቢያ በ1927 በሮጀርስ ኩባንያ የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1941 ከ690 ወደ 860 ኪሎ ኸርዝ ተዛወረ። ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ የሕዝብ ብሮድካስተሩ 860ን ለራሱ ጣቢያ እንዲውል በመፈለጉ፣ የግሉ ጣቢያ በ1948 ቁጥሩን ለቆ ሲጄቢሲ የተባለው የኮርፖሬሽኑ ጣቢያ ይሠራበት ወደነበረው 1010 እንዲሄድ ተደረገ። ሁለቱ ጣቢያዎች ቁጥር ተለዋወጡ ማለት ይቻላል።

ለግሉ ጣቢያ ይህ ውሳኔ ከባድ ነበር። ለዓመታት ያስተዋወቀውን ቁጥር አጥቷል፤ ክላርክሰን በተባለ ስፍራም አዲስ የማሰራጫ ጣቢያ መገንባት ነበረበት። በልዋጩ ግን ኃይሉን ወደ 50 ኪሎ ዋት የማሳደግ ዕድል አገኘ። ቁጥሩን ያጣው ጣቢያ በአዲሱ ቁጥር ላይ ጸንቶ በመቆየቱ ዛሬም በ1010 ይታወቃል። ከዚህ የምንረዳው ቁጥሩን የሚለቅ ጣቢያ የሚያገኘው ካሣ በገንዘብ ብቻ የሚለካ አለመሆኑን ነው። የተሻለ ኃይልና የተሻለ ማሰራጫ ከተሰጠው፣ ለአድማጩ ያለው ተደራሽነት ሊሰፋ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ከሌላ አቅጣጫ ነው። በከተማዋ መሐል ረጃጅም ሕንፃዎች በዙ፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚያወጡት ጩኸትም በመካከለኛ ሞገድ ላይ ይሰማ ጀመር። የሕዝብ ብሮድካስተሩ ይህንኑ ምክንያት በማቅረብ ፕሮግራሙን ወደ ኤፍ ኤም እንዲያዛውር ጠየቀ። ከካናዳ የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የቴሌኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፈቃድ በማግኘቱም በ1998 በ99.1 ኤፍ ኤም ሥርጭቱን ጀመረ። 740 ላይ የነበረው ሥርጭት ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ከቆየ በኋላ በ1999 ተዘጋ።

ለከተማው ነዋሪ ድምፁ ጠራ። በአንጻሩ ከከተማው ርቀው በ740 ያዳምጡ ለነበሩ፣ በተለይም ሌሊት ሥርጭቱ ከሩቅ ይደርሳቸው ለነበሩ አድማጮች ውሳኔው መለያየት ነበር። ኤፍ ኤም በአመዛኙ እይታ እስካለበት ድረስ የሚደርስ በመሆኑ፣ 50 ኪሎ ዋት መካከለኛ ሞገድ ይሸፍነው የነበረውን አካባቢ አንድ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ብቻውን ሊተካ አይችልም።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በአቅራቢያዋ ኦክቪል ከተማ በ1250 ኪሎ ኸርዝ ይሠራ የነበረው ሲኤችደብልዩኦ የተባለው ጣቢያ የተለቀቀውን 740 እንዲሰጠው ጠይቆ በ2000 ተፈቀደለት። በጥር 2001ም በሆርንቢው የማሰራጫ ስፍራ፣ በ50 ኪሎ ዋት ሥራ ጀመረ። ትኩረቱን በዕድሜ ገፋ ባሉ አድማጮችና በቀድሞ ዘመን ሙዚቃ ላይ ያደረገው ይህ ጣቢያ ዛሬ ሲኤፍዜድኤም በሚል ስያሜ ይታወቃል። የሕዝብ ብሮድካስተሩ ዘመኑ አልፎበታል ብሎ የተወውን ቁጥር ሌላው እንደ ሀብት ተቀበለው።

ከሁሉም ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው እርምጃ ነው። ይኸው ጣቢያ በከተማዋ መሐል የሚያጋጥመውን የጥራት ችግር ለመፍታት 740ን አልለቀቀም። በምትኩ በ96.7 ኤፍ ኤም የከተማዋን ማዕከል ብቻ የሚሸፍን አነስተኛ ማሰራጫ ጨመረ። ሰፊውን አካባቢ በመካከለኛ ሞገድ፣ የተጨናነቀውን መሐል ከተማ ደግሞ በኤፍ ኤም ማገልገል ተቻለ። ለቀደመው ባለቤት "ወይ ይህ፣ ወይ ያ" የነበረው ጥያቄ ለተከታዩ "ይህም፣ ያም" ሆኖ ተፈታ።

መሬቱ ሲወደድ

ለማሰራጫ ለውጥ ሌላው ገፊ ምክንያት የመሬት ዋጋ መሆኑን ቀደም ሲል ጠቅሰናል። ለዚህ በአብነት የሚነሳው በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ የተከሰተው ነው። በ630 ኪሎ ኸርዝ ይሠራ የነበረው ደብልዩኤምኤኤል በቤቴስዳ ከ1941 ጀምሮ ይገለገልበት የነበረውና 30 ሄክታር የሚጠጋ ስፋት ያለው የማሰራጫ ስፍራ ለቤት ገንቢ ኩባንያ ተሽጧል። ዋጋው 74 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ተዘግቧል። ጣቢያው ከሌላ ጣቢያ ጋር ማማ ወደ መጋራት የተዛወረ ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ ማማዎች በኅዳር 2020 ፈርሰዋል።

ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ማማ ላይ በተለያየ ቁጥር የሚሠሩበት ይህ ዘዴ በቴክኒክ ረገድ የተረጋገጠ ነው። የአንዱ ኃይል ወደ ሌላው ማሰራጫ እንዳይገባ የሚከለክሉ ማጣሪያዎች ይገጠማሉ። መሬት ይቆጥባል፤ የጥበቃና የጥገና ወጪም ያካፍላል። ጉዳቱ ደግሞ ማማው ለሁለቱም ቁጥሮች እኩል ምቹ ላይሆን መቻሉና በአንዱ ላይ የሚደርስ ብልሽት ሌላውንም ሊያቋርጥ መቻሉ ነው።

መሬቱ የጣቢያው ንብረት በሆነበት አገር ሽያጩ የባለቤቱ ውሳኔ ነው። መሬት የሕዝብና የመንግሥት በሆነበት አገር ግን የማሰራጫ ስፍራ በከተማ ፕላን ውስጥ ተለይቶ ካልተያዘ፣ ማስፋፊያ ሲመጣ የሚወስነው የመሬት አስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ባዶ መስክ መስሎ የሚታየው ሣር ሥር ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም የመዳብ መረብ መኖሩን የማያውቅ አካል፣ በአንድ የመንገድ ወይም የቦይ ቁፋሮ የሥርጭቱን ሽፋን ሊቀንሰው ይችላል።

አዲስ ቁጥር ሲሰጥ የቀድሞውን ማን ይመልሳል?

የፍሪኩዌንሲ ለውጥ የሕግ ጎንም አለው። በ1979 የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ አስተዳደር ጉባኤ በአሜሪካ አህጉር የመካከለኛ ሞገድ መጨረሻ ከ1605 ወደ 1705 ኪሎ ኸርዝ እንዲራዘም ወሰነ። ዝርዝር ክፍፍሉም በ1988 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ጸደቀ። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አዲሶቹን ቁጥሮች ለአዲስ አመልካቾች ከመስጠት ይልቅ፣ በነባሩ ክልል ውስጥ መጨናነቅ ለሚፈጥሩ ጣቢያዎች ለመስጠት መረጠ። ሐሳቡ እነዚህ ጣቢያዎች ለአምስት ዓመታት በሁለቱም ቁጥር እያሰራጩ አድማጮቻቸውን ካሸጋገሩ በኋላ አንዱን እንዲመልሱ ነበር።

የሽግግር ጊዜ መስጠቱ ለአድማጩ የታሰበ በመሆኑ ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ፈቃድ የያዙ አንዳንድ ባለቤቶች አንዱን ለመመለስ ሲያቅማሙ ዓመታት አለፉ። በዚህም መጨናነቅን ለመቀነስ ታስቦ የተሰጠው ቁጥር መጨናነቁን ሳይቀንስ ተጨማሪ ንብረት እስከ መሆን ደረሰ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሽግግር ጊዜ የሚሰጥ ውል የማብቂያ ቀኑንና በቀኑ ካልተፈጸመ የሚከተለውን እርምጃ አብሮ ሊይዝ ይገባል።

መልቀቅስ?

ሦስተኛውን ምርጫ፣ ማለትም ሞገዱን መልቀቅን የመረጡ አገሮች አሉ። በጀርመን የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ተቋርጧል። በጃፓን ደግሞ ከ47 የንግድ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች መካከል 44ቱ እስከ 2028 መጸው ድረስ ወደ ኤፍ ኤም ለመሸጋገር እንደሚሠሩ በ2021 አስታውቀዋል። ያረጁ ማሰራጫዎችን መተካት የሚጠይቀው ወጪ ዋነኛው ምክንያት ነው።

የጃፓን አካሄድ በሁለት ነጥቦች ትኩረት ይስባል። በቅድሚያ፣ ሽግግሩን አንቀበልም ካሉት ሦስት ጣቢያዎች ሁለቱ የሚገኙት ሰፊና የሕዝቡ አሰፋፈር የተበታተነ በሆነባት በሆካይዶ ነው። የመሬት ስፋትና የአሰፋፈር ሁኔታ ውሳኔውን እንደሚለውጥ ይህ በቂ ማሳያ ነው። በተጨማሪም ውሳኔው የመጨረሻ ከመሆኑ በፊት 13 ጣቢያዎች ከየካቲት 2024 ጀምሮ አንዳንድ ማሰራጫዎቻቸውን በሙከራ እንዲያቋርጡና ውጤቱ እንዲታይ ተደርጓል። ሙከራው ጉዳት ካሳየ መመለስ ይቻላል፤ ማማው ከፈረሰ በኋላ ግን መመለሻ የለም።

ሕንድ በበኩሏ ሞገዱን ሳትለቅ ወደ ዲጂታል ማሻገርን መርጣለች። ኦል ኢንዲያ ሬዲዮ ከ30 በላይ የዲጂታል መካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎችን ተክሏል። ማሰራጫዎቹ ጥራት ያለው ድምፅ በአነስተኛ ኃይል ቢያደርሱም፣ ዲጂታል መቀበያ በሕዝቡ እጅ በበቂ መጠን አለመግባቱ ዋናው ማነቆ ሆኗል። ማሰራጫን መንግሥት መግዛት ይችላል፤ መቀበያውን ግን የሚገዛው አድማጩ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ምን ይነግረናል?

ኢትዮጵያ በ1975 ጄኔቭ ላይ የጸደቀውና አፍሪካን፣ አውሮፓንና እስያን የሚመለከተው የመካከለኛ ሞገድ ክፍፍል በሚሠራበት ክልል ውስጥ ትገኛለች። ኅዳር 23 ቀን 1978 ሥራ ላይ በዋለው በዚህ ዕቅድ መሠረት ቁጥሮቹ በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ተደርድረዋል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለረጅም ዓመታት የተደመጠባቸው የጌጃ 873፣ የሐረር 855 እና የመቱ 684 ኪሎ ኸርዝ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈሉት በአጋጣሚ አይደለም። እያንዳንዳቸው ከሌሎች አገሮች ጋር በተደረገ ስምምነት የተገኙ የአገር ሀብቶች ናቸው። ሥራ ላይ ያልዋለ ቁጥር ባዶ ቢመስልም፣ ቁጥሩን በሥርዓት የማያስጠብቅ አገር በኋላ ሲፈልገው በጎረቤት ተይዞ ሊያገኘው ይችላል።

የአገሪቱ የመሬት አቀማመጥም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ተራራና ሸለቆ በሚፈራረቁበት አገር ኤፍ ኤም እያንዳንዱን ሸለቆ ለመድረስ በርካታ ተደጋጋሚ ማሰራጫዎች፣ ለእያንዳንዳቸውም መንገድ፣ መብራትና ጥበቃ ይፈልጋል። መካከለኛ ሞገድ ምድርን ተከትሎ ስለሚሄድ በጥቂት ማሰራጫዎች ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። በአንጻሩ የደጋው ደረቅና ድንጋያማ መሬት ሽፋኑን የሚቀንሰው በመሆኑ የስፍራ መረጣ በጥንቃቄ ሊከናወን ይገባል።

የኃይል ፍጆታም መታየት ያለበት ነው። በአሮጌ የቫኩም ቱቦ ማሰራጫዎች ከኤሌክትሪክ መስመሩ ከሚወሰደው ኃይል ወደ ሞገድነት የሚለወጠው 60 በመቶ ገደማ ሊሆን ይችላል፤ በዘመናዊዎቹ ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ ይደርሳል። ለንጽጽር ያህል፣ አንድ የ100 ኪሎ ዋት ማሰራጫ በቀን 18 ሰዓት ቢሠራ፣ ብቃቱ ከ60 ወደ 88 በመቶ ማደጉ የድምፅ ጭነቱን ሳይጨምር በዓመት ወደ 348 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ያድናል። አሮጌው ማሰራጫ "ገና ይሠራል" ተብሎ ሲቆይ የሚያስከፍለው ዋጋ በግዢ ሰነድ ላይ ስለማይታይ ብዙውን ጊዜ ሳይቆጠር ይቀራል።

በቅርቡ የተጨመረ አንድ አዲስ ሁኔታም አለ። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ሞተር መቆጣጠሪያ በመካከለኛ ሞገድ ላይ ጩኸት ስለሚፈጥር፣ አንዳንድ አምራቾች ይህን መቀበያ ከመኪኖቻቸው ማውጣት ጀምረዋል። በአሜሪካ ፎርድ ኩባንያ ከአዳዲስ መኪኖቹ ሊያስወጣው አቅዶ በግንቦት 2023 ሐሳቡን የቀየረው፣ የአደጋ ጊዜ መልእክት በዚህ ሞገድ እንደሚተላለፍ የሕግ አውጪዎች ጠንካራ ጥያቄ በማንሳታቸው ነው። መቀበያው በሁሉም መኪኖች እንዲኖር የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግም በዚያው ወር ለአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗ የሚታወስ ሲሆን፣ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች የትኛውን ሞገድ እንደሚቀበሉ የሚመለከተው አካል ሊያጤነው የሚገባ ጥያቄ ነው።

በአገራችን የሬዲዮ ሞገድ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የብሮድካስት ፈቃድ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የተሰጡ ኃላፊነቶች ናቸው። መሬቱ በክልልና በከተማ አስተዳደሮች፣ መብራቱ በኃይል አቅራቢው፣ ፕሮግራሙ በጣቢያው እጅ ነው። አንድ የማሰራጫ ለውጥ እነዚህን ሁሉ የሚነካ በመሆኑ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን የሚወስነው ሊሆን አይገባም።

ከላይ ከተዳሰሱት ተሞክሮዎች በመነሳት ማንኛውም የለውጥ ሐሳብ የግዢ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት አምስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። ቁጥሩ ከጎረቤት አገሮች ጋር ተመክሮበታል ወይ? የማሰራጫው ስፍራ በፕላን ተለይቶ፣ ከመሬት በታች ያለው የመዳብ መረብ ጭምር በካርታ ላይ ተመዝግቦ ተጠብቋል ወይ? የኃይል ወጪው ለማሰራጫው ሙሉ የአገልግሎት ዘመን ተሰልቷል ወይ? ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚሠሩበት ጊዜና የማብቂያ ቀኑ ተወስኗል ወይ? በመጨረሻም፣ አዲሱ ሥርጭት የማይደርሳቸው አድማጮች የትኞቹ ቀበሌዎች ውስጥ እንደሆኑ በመስክ ልኬት ታውቋል ወይ?

ከአምስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ነው። ማሰራጫው፣ ማማውና መሬቱ በዶሴ የሚገኙ ሲሆን፣ ሥርጭት የተቋረጠበት አድማጭ ግን በዶሴው ውስጥ ስሙ የለም። በሬዲዮው የዝናብ ትንበያ፣ የክትባት ዘመቻ ጥሪ ወይም የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚጠብቅ አርሶ አደር ቅሬታውን ለማቅረብ ወደ ከተማ አይመጣም፤ ሬዲዮው ዝም ማለቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የሆርንቢው የማሰራጫ ስፍራ ከ1937 ጀምሮ ከአንድ በላይ ቁጥሮችንና ባለቤቶችን አሳልፏል። የመጀመሪያው ባለቤት 740ን ሲለቅ ስፍራው ባለመፍረሱና ቁጥሩም ባለመጥፋቱ፣ በሩቅ ያለው አድማጭ ፕሮግራሙ ቢለወጥም ሬዲዮ አላጣም። የማሰራጫ ለውጥ ስኬት የሚለካው በምረቃው ሥነ ሥርዓት ወይም በማማው ርዝመት ሳይሆን፣ ከለውጡ በፊት ይሰማ የነበረው የመጨረሻው ሩቅ አድማጭ ከለውጡ በኋላም መስማቱን በማረጋገጥ ሊሆን ይገባል።